ሰላምታ የሚያበዛው ፕሮግራም

ሸዋ ሮቢት ከምሳ በኋላ ነቅቶ የሚገኝ ነገር ካለ ዝንብ ብቻ ነው። ሰዉ ያንቀላፋል፤ ባጃጁም ጥላ ፈልጎ ያንቀላፋል። የእኔ ኢንተርኔት ቤትማ ከጠዋት ጀምሮ እንደተኛ ነው የሚውለው። ደንበኛው አንድ ገጽ ይከፍታል፤ ገጹ እስኪመጣ ሐሳብ ይዞት ይነጉዳል። እኔም ቬንትሌተሩን እያየሁ አብሬው እነጉድ ነበር። ምን ይደበቃል፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀርፋፋነቱ የመረራቸው እትዬ አልጋነሽ ናቸው። አከራዬ ናቸው፤ ጎን ያለው ምግብ ቤትም የእሳቸው ነው። ልጃቸው ዘነቡ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ትደውላለች፤ እትዬም ነጠላቸውን አስተካክለው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ። ድምጿ ይመጣል። ፊቷ ግን ብዥ ብሎ ይቀራል። “ዓይኗን ሳላይ ልሙት?” ይሉኛል።

አብሮ አደጌን ሰኢድን ጠራሁት። ሰኢድ የወረዳችን የቀወት ገበሬ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ተምሮ ነው የተመለሰው። የኢንተርኔቱን መስመር ማን እንደሚበላው የሚያሳይ ፕሮግራም ቀደም ብሎ ዋናው ኮምፒውተሬ ላይ ጭኖልኝ ነበር። ፕሮግራሙ ባለቤቱ ብዙ ነው። ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ሰኢድም የራሱን ሎሚ፣ ማለትም እሱ የጻፈውን ኮድ፣ ጨምሮበታል።

ሌባውን ስንፈልግ ከረምን። ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ራሱ ፕሮግራሙ! ያውም የሰኢድ ሎሚ። በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ አስቁሞ፣ ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር ዘንድ እየላከ “ይሄ ስሙ ማን ነው? የማን ወገን ነው?” ብሎ ያስጠይቃል። ያው እንግዳ ተመልሶ ቢያልፍ እንደ አዲስ ይጠይቃል። እኛ አገር መቼም ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም። የሰኢድ አባት ገበያ ሲመጡ ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሾው፣ ስለ ልጆቹ ሲጠያየቁ ገበያው ተበትኖ ይደርሳሉ። ታዲያ ልጃቸው የጻፈው ፕሮግራም ከማን ይማር?

አንዴ የጠየቀውን አስታውሶ እንዲያሳልፍ አድርገው አልኩት። ሰኢድ ቅር አለው። “ሰላምታም ይቆጠባል እንዴ?” አለኝ። ቢሆንም አስተካከለው፤ ፕሮግራሙን ለሚያስተዳድሩት ሰዎችም ላከላቸው።

አንዱ ፈረንጅ መለሰለት። ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ ግን ኮድህ አንድ ላይ ተጠቅልሏል፤ አንተ በሌለህበት ጊዜ ማን ይጠግነዋል? አለው። ሰኢድ ቱግ አለ። “በሌለህበት ጊዜ? አኡዙቢላህ! ሞቴን ተመኘ እኮ!”

በመስኖ ቦይ አስረዳሁት። ቦይ የሚጠረገው ሁሉም በየማሳው ልክ ነው። ሲደፈን የማን ድርሻ ላይ እንደሆነ ይታወቃል፤ ባለድርሻው ቢታመም ጎረቤቱ አካፋውን ይዞ ይገባል። ይሄ ገባው። ኮዱን በየሥራው ከፋፈለው፣ ለየቁራጩ ስም አወጣለት፣ ከላይ ከላዩ ማብራሪያ ጻፈበት። በአማርኛ ቢጽፈው ኖሮ አንባቢውን አንቱ እንደሚለው እምላለሁ። ፈረንጆቹ ተቀበሉት፤ እኛም ቤት አዲሱን ጫነው።

መስመሩ በረረ። ገጹ ሳይጠሩት ከተፍ ይላል። እትዬ ተጠሩ፤ ጥፋቱ የዚያ ሰላምታ የሚያበዛ ፕሮግራም እንደነበር ነገርናቸው፤ ዘነቡ ደወለች፤ ፊቷ ጥርት ብሎ መጣ።

ጉንጯ ገብቷል። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። “ደህና ነኝ እማዬ” አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትለው። እትዬ የኮምፒውተሩን መስታወት በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። እኔና ሰኢድ የምናይበት ጠፍቶን ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

ሲጨርሱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ሰኢድ ዞሩ።

“እጅህ ይባረክ፣ የኔ ልጅ” አሉት። “ይሄን ፈጣኑን ለፈረንጆቹ ተውላቸው። ለእኔ ያንን ሰላምታ የሚያበዛውን መልስልኝ። እሱ ልጄን አወፍሮ ነበር የሚያሳየኝ።”