ሲስተር ሸዋረጋና የጀናን ጥናት

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል ሁሉ አንዲት ሲስተር ሸዋረጋ አይጠፉም። የየካዋ ሲስተር ሸዋረጋ፣ የክፍሉ ኃላፊና የማሞቂያዎች ሁሉ እመቤት፣ ከጥናት ጋር የተኳረፉ ሰው ነበሩ። ስልጠና ሲጠሩ ለሳምቡሳው ደርሰው ይመለሳሉ። ወጣቷ ነርስ ጀናን ስልኳን ይዛ "ሲስተር፣ አዲስ ጥናት ወጥቷል" ባለች ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ "መጀመሪያ ጥናቱ እዚህ አዳር ይግባልኝ!"

ክፋት አልነበረም። ዛሬ አድርጉ የተባለው ነገ ተዉ ሲባል ስላዩ፣ የሚያምኑት እጃቸውን ብቻ ነበር። የሕፃን እግር ጨብጠው "በርዷታል" ካሉ፣ በርዷታል።

ነሐሴ ላይ፣ እንጦጦ ጉም ለብሶ ባረፈደበት ቀን፣ የዱሬሳ ልጅ ያለጊዜዋ ተወለደች። እናትየው ገና ከቀዶ ጥገና አልወጣችም፤ አባትየው ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። ማሞቂያዎቹ በሙሉ ተይዘዋል። ሲስተር ሸዋረጋ የሕፃኗን እግር ጨበጡ፤ በረዶ ነው። በብርድ ልብስ ጠቀለሏት። ቆይተው ዳሰሷት፤ ያው በረዶ።

"ሲስተር፣ አባቷ ደረት ላይ እናድርጋት" አለች ጀናን። "ገላ ለገላ። ጥናቱ እናት ከሌለች አባትም ይችላል ይላል።"

ሲስተር የሕፃኗን ከንፈር አዩ፤ መጥቆር ጀምሯል። እጃቸው ሌላ መላ አልነበረውም። ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

"ዱሬሳ! ሸሚዝህን አውልቅ!"

በሾላ ገበያ ጆንያ ሲሸከም የኖረው ዱሬሳ ግራ ገባው። "እዚሁ?"

"አይ፣ ሾላ ሄደህ!"

ወደ ክፍሉ አስገብተው ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኝተው በገዛ ነጠላቸው ሸፈኗቸው። ግዙፉ ሰውዬ ደርቆ ቀረ።

"ልተንፍስ?"

"ተንፍስ እንጂ!"

ከአጠገቡ ንቅንቅ አላሉም። ያቺን እግር እየጨበጡ፣ እየለቀቁ፣ መልሰው እየጨበጡ ቆዩ። ድንገት ፊታቸው በራ።

"ጀናን! ሞቀች! ነይ ንኪያት፣ ሞቀች እኮ!"

ሕፃኗም ኮሪደሩን የሚያናውጥ ለቅሶ ለቀቀች። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ፤ ዱሬሳ እየሳቀ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ በክፍሉ በር ሸሚዙን ቆልፎ ያለፈ አባት የለም። አንድ ቀንማ አምፖል ሊቀይር የመጣ ኤሌክትሪሺያን በሲስተር ትእዛዝ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀምሮ ጀናን ደርሳ ነው ያስጣለችው። ለጎብኚ ሲያስረዱ ግን ሲስተር ሸዋረጋ ጀናንን ወደ ፊት ይገፏታል፦ "እኔን ተዉኝ፣ ያስተማረችኝ ይቺ ናት።"

ባለፈው ሳምንት፣ ክፍሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ጠሯት።

"እስቲ ንገሪኝ፣ እስካሁን በስህተት የምሠራው ሌላ ምን አለ?"

ጀናን አንገቷን ደፋች። "ሲስተር... ትንሽ ይረዝማል።"

"ይርዘም!" አሉና መነጽራቸውን አድርገው ወንበራቸውን ወደ ስልኳ አስጠጉ።