ለአራት ዲስክ አንድ አለቃ

ጠጋ በሉ እስቲ፣ ጥላው ለሁላችን ይበቃል። የድሬ ጠያራ ማንጎ ወደ ከተማችን የሚገባበት፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ባጉረመረመ ቁጥር መብራት የሚሄድበት ወቅት ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መጠየቅ ግን አላፍርም። ሰው ድንች ሲገዛ አገላብጦ ያያል፣ አለቃ ሲመርጥ ግን ደረቱን አይቶ ይሾማል። እኔም አንዴ እንዲሁ ደረት አይቼ ልሾም ነበር።

የልጅ ልጄ ነጃት ሸዋ በር ድምፅና ቪዲዮ ትቀርጻለች። ያን ዓመት የኮምፒዩተሯ ዲስክ ሞተና የስንቱን ሠርግ ይዞ ሄደ። ጎረቤቴ ዘይነባ ደግሞ፣ ከእሷ በቀር ማንም አሟልቶ የማያውቃቸውን የድሮ የሠርግ ዘፈኖች ልታስቀርጽ ቃል ገብታለች። ትንፋሿ እያጠረ ነበርና «አንዴ ነው የምዘፍነው፣ ሁለተኛ አትለምኑኝ» ብላለች። ነጃት ፈራች። አራት አዳዲስ ዲስክ ገዛችና እንደ አለቃ የሚያዛቸው ካርድ ልትመርጥላቸው ይዛኝ ወጣች።

ሻጩ ጌታቸው፣ አባቱ ወታደር ሆኖ ከጎጃም የመጣ ጨዋ ልጅ ነው።

«እማማ፣ እነዚህ ኤስኤስዲ ይባላሉ፤ ውስጣቸው የሚሽከረከር ነገር የለም። ካርዱ ደግሞ ሬይድ ኮንትሮለር ነው። የሚጻፈውን ለአራቱ ያከፋፍላል፤ አንዱ ቢሞት ሦስቱ የጎደለውን ይሞላሉ።»

«አፎቻ በለኛ!» አልኩት። አፎቻ ለሠርግም ለለቅሶም የምንደጋገፍበት ማኅበራችን ነው፤ አንዷ ብትቀር ሥራዋ አይቀርም።

ከሁሉ ግዙፉን ካርድ ጠቆምኩ። ጌታቸው ሳቁን ዋጠ። «እሱ ለድሮዎቹ ተሽከርካሪ ዲስኮች የተሠራ ነው፤ እነዚህን ያንቀራፍፋቸዋል።» ለካ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ በፈረሰኞች ላይ ልሾም ነበር!

ሁለት ቀሩ። አንዱ ፈጣን ነው፤ የነጃት ዓይን እሱ ላይ ነው። ሌላው ዘገም ይላል፣ ጎኑ ላይ ባትሪ ታጥቋል።

«ልጄ፣ ካርዱ የተቀበለውን ለዲስኮቹ ሳያደርስ በእጁ የሚያቆየው ነገር አለ?»

«አለ እማማ፣ ለጥቂት ጊዜ።»

«ያኔ መብራት ቢሄድስ?»

ጌታቸው ነጃትን አያት። «ፈጣኑ በእጁ ያለውን ይጥለዋል። ባትሪ ያለው መብራት እስኪመለስ ይዞ ይጠብቃል።»

«አኮዬ ደግሞ መሐንዲስ ሆኑ!» አለች ነጃት፤ አያቷን እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

«መሐንዲስ አይደለሁም፤ በለቅሶ ቤት ስንት ዓመት ትሪ ያቀበልኩ ነኝ።» በአፎቻችን ትሪ ከምትቀበል ሴት ኋላ ሁልጊዜ ሌላ ሴት ትቆማለች። የፊተኛዋ ብትደናቀፍ ትሪው መሬት አይነካም።

ባትሪ ያለው ተገዛ።

ዘይነባ መጣች፤ ማይኩ በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ተሰካ፤ ዘፈነች። የመጨረሻው ዘፈን ማለቂያ ላይ ሰማዩ አንዴ ጮኸና መብራት ድርግም!

«ብያለሁ፣ አልደግምም» ብላ ዘይነባ ነጠላዋን አነሳች። ነጃት ፊቷ አመድ መሰለ። መብራት የተመለሰው በዐስር ሰላት ሰዓት ነው፤ ስትከፍተው ሁሉም አለ። ከመጨረሻው ዘፈን ሁለት ስንኝ ብቻ ጎደለ። ካርዱ የተቀበለውን አልጣለም፤ ኮምፒዩተሩ ገና ያላቀበለውን ግን ከየት ያምጣ?

ዘይነባ ዓመት ሳትደፍን ሞተች፤ አላህ ይዘንላት። ጌታቸው ወደ አባቱ አገር ተመለሰ። ነጃት አግብታ ድሬዳዋ ሱቅ ከፍታለች፤ ካርዱ አብሯት ነው፣ ባትሪውን አንዴ ቀይራለታለች። እኔ እዚሁ ፈላና በር ነኝ። ሠርግ በሆነ ቁጥር የዘይነባን ዘፈን እንከፍታለን። ድምፅዋ ሲቆረጥ ማንም አይደነግጥም፤ ከእሷ የተማርነውን ሁለት ስንኝ፣ አንዷ ይህን አንዷ ያን እያስታወስን፣ እኛ እንሞላዋለን።