ጾሜና የሜክሲኮ ባሕር

የኖርዌይ ሰው ዕረፍቱን ከእኛ ጾም ላይ ካልጣለው ዕረፍት አይመስለውም። ይኸው ቪንተርፌሪ የሚሉት የበረዶ ወራት ዕረፍት ዘንድሮም ሁዳዴ ላይ ወደቀ። ጎረቤቶቼ ግማሾቹ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ፣ ግማሾቹ ፀሐይ ፍለጋ ሄዱ። እኔ ደግሞ እዚሁ ኦስሎ፣ ሆልምሊያ ሰፈሬ፣ ሽሮዬን እያማሰልኩ ልሰነብት ነበር፤ ማን ያስቀምጠኛል!

ልጄ ሕሊና ሥራ ከያዘች ወዲህ ለእኔ ማሰብ አብዝታለች። ለሁለታችን የሜክሲኮ ትኬት ቆርጣ፣ ባሕር ዳር ሆቴል ይዛ መጣች። ጾም ነው ብላት፣ "ማሚ፣ እዚያም እኮ ይጾማል" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ዕድሜ ልኬን እኔ ስዋኝ ፎጣ ይዘሽ ዳር ቆመሽ ነው የማውቅሽ፤ አንድ ቀን እንኳ አብረሽኝ ግቢ" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ፦ ባሕሩም ይገባል፣ ጾሙም ይያዛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ባፌ አይዞርም።

በደረስን ማግስት ጠዋት ጀልባ ላይ ወጣን። ባለጀልባው ፊቴ ላይ መስተዋት አሰረ፣ አፌ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ከተተ። ዓሣ ለማየት ይህን ሁሉ መታጠቅ! ልዝናና የመጣሁ ሳይሆን ሐኪም ቤት የተኛሁ ነው የምመስለው። አፍሽን እንዳትከፍቺ ሲል በእጁ አሳየኝ። አፍ በመዝጋት ደግሞ ጾመኛን ማን ይበልጣታል?

በስመ አብ ብዬ፣ የሕሊናን እጅ ይዤ ገባሁ። ዝቅ ብዬ ባይ፣ የመሶብ ክዳን የምታህል ኤሊ በሥሬ እየቀዘፈች ታልፋለች፤ ዙሪያዋን ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ አጅቧታል። አቤት የፈጣሪ ሥራ! ይህን አይቶ ዝም የሚል ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው? እኔስ ዝም አላልኩም። "ተመስገን!" ብዬ ጮህኩ። ቱቦው ወጣ፣ ባሕሩ ገባ።

ጎትተው ጀልባው ላይ ሲያወጡኝ ሕሊና ጀርባዬን እየመታች፣ "ማሚ፣ ደህና ነሽ?" ትለኛለች። እኔ እቴ፣ "ስንት ሰዓት ነው?" አልኳት። ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም!

ሆቴል እንደገባን ኦስሎ ላሉት የነፍስ አባቴ ደወልኩ። እግዜርን ሳመሰግን ባሕር ዋጥኩ፣ ጾሜ ፈረሰ ወይ አልኳቸው። ወደሽ ነው ወይ የጠጣሽው አሉኝ። "ኔይ፣ ኧረ አይደለም አባቴ፣ አንቆኝ ነው!" እንግዲያውስ አልፈረሰም፣ አይዞሽ ሲሉኝ እፎይ አልኩ፤ ነገም ልገባ ወሰንኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ ለመሆኑ ባሕሩ ውስጥ ምን ለብሰሽ ነበር አሉኝ።

የሜክሲኮ ኔትወርክ ክፉ ነው፤ መስመሩ ያኔውኑ ተቋረጠ። ይኸው ሆልምሊያ ከገባሁ ሰነበትኩ፤ እስካሁን አልተስተካከለም።