አሻራው የጠፋበት ሴራሚክ አንጣፊ ዜና

ሰው ጣቱ እጁ ላይ እያለ አሻራው ወዴት ይሄዳል? ሐኪሙንም ጎረቤቱንም ጠይቄ ልቤ አላረፈም፤ እንግዲህ የሆነውን እጽፋለሁ።

በዘመነ ወረፋ፣ ሊፍቱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ የበራችን ሴራሚክ ላልቶ በረገጡት ቁጥር «ቋ» ማለት በጀመረበት ወር፣ ለልጄ ልጅ፣ ለአርታዔ ወለል፣ ለሠዓሌ ባኞ ቤት፣ ውሃ ልኩ ለማይዋሸው፣ ከባሕር ማዶ ድርጅት የሥራ ጥሪ መጣለት፤ ጥሪውም እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃዱን ካላወጣ ቦታው ለሌላ ባለሙያ እንደሚሰጥ ይናገር ነበር።

ወእምዝ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ዘመተ፤ ሠራዊቱም እነሆ፦ ከፊት አጎቱ ታክሲ ነጂው፣ ቀጥሎ እናቱ ልብስ ሰፊዋ፣ ወረቀቱን ሁሉ በደረቷ አቅፋ፣ በስተኋላ እኔ፣ ቢርበውስ ብዬ ዳቦ፣ ቢበርደውስ ብዬ ሹራብ፣ ቢዘንብስ ብዬ ጃንጥላ ተሸክሜ፤ ሰማዩ ግን እንደ ተወለወለ መስታወት ጥርት ያለ ነበር። ወረፋውን እንደ ምሽግ ይዘን፣ እኔም ያለ ተራው የሚገባ ጎረምሳ በክርኔ መልሼ፣ መስኮቱ ዘንድ ስንደርስ የአሻራ ማሽኑ ጣቱን ቀምሶ ተፋው፤ ደግሞም ተፋው። ለካ ሲሚንቶና የሴራሚክ ጠርዝ የጣቱን መስመር ሁሉ ልጎት ኖሯል፤ ሙያው ያስጠራውን ሰው ሙያው ከበር መለሰው። የመስኮቷም እመቤት አወጀች፦ «ጣቱ አይነበብም! እጁን አሳርፎ በወሩ መጨረሻ ይምጣ! ቀጣይ!» አጎቱም ወደ ወረፈኛው ዞሮ አወጀ፦ «አገር ይስማ! ይህ ሰው ባንክ ቢዘርፍ እንኳ አይገኝም!» እናቱም በቦርሳዋ ጀርባውን አለችው።

እኔ ግን ቤት እንደ ገባሁ ሳሎን መካከል ቆሜ አዋጅ አስነገርሁ፦ «በዚህ ቤት ያለህ ስማ፤ በግድግዳ የምታዳምጥ ጎረቤትም ስማ! ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ሲሚንቶ አይነካም፣ ሳህን አያጥብም፣ ሽንኩርት አይልጥም! ሲነካ አይቶ ዝም ያለ ወዮለት!»

ጣቶቹንም ቫዝሊን ቀብቼ በጥጥ ጓንት ከለልሁ፤ ላጉርስህ ብለው ግን አኮረፈ። እጁ ሥራ ሲፈታ ልቡ ታመመ፤ የበሩ ሴራሚክ «ቋ» ባለ ቁጥር እንደ ተወጋ ብድግ ይላል፣ እኔም ፊቱ እገተራለሁ፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔማ ያን «ቋ» ወድጄው ነበር፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ማን እንደ ወጣ ማን እንደ ገባ ይነግረኛል፤ ልጁ መግባቱንም ካልነገረኝ እንቅልፍ የለኝም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል በዚያው ሠራዊት ተመለስን። ማሽኑ ጣቱን ቀመሰ፤ አሰበ፤ አሁንም አሰበ፤ አረንጓዴ በራ! እልልታዬን ባቀልጠው ዘበኛው አወጀ፦ «እማማ፣ እዚህ እልል አይባልም!» ፈቃዱም ወጣ፤ «ጊዜያዊ» ይላል። ይህችን ቃል የጻፈ እጁ ይባረክ፤ ይመለሳል ማለት ነዋ። አይደለም እንዴ?

ነገሥታት በወርቅ ማኅተማቸው ቢመኩ፣ እርሱ ማኅተሙን ከገዛ ቆዳው አበቀለ! በዘመነ ወረፋ እንደ እርሱ ያለ አልተነሣም፤ አሥሩ ጣቶቹ በሄዱበት ይከበሩ፣ ክፉ አይንካቸው፣ ብርድ አይያቸው!

በሚሄድበት ማለዳ እናቱና አጎቱ ሻንጣውን ይዘው ወደ መኪናው ቀድመው ወረዱ። እኔም «ቋ» ሲል ሮጬ እስመዋለሁ ብዬ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ፣ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። «ቋ» የሚል የለም። ቢቸግረኝ ወጣሁ። የላላው ሴራሚክ ከወንድሞቹ ጋር ልክ ለልክ ተተክሏል፤ በጥጉም፣ ገና ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ፣ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ መስመሩ ሁሉ ይነበባል። እርሱ ግን ያችን ሴራሚክ ተሻግሮ፣ «ቋ» ሳያሰኛት፣ ወጥቶ ሄዷል።