ዓይናችሁን ጨፍኑ

ስለ በራስ መተማመን የሚያሠለጥን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጅጋ ድረስ መጥቶልናል። ጭንቀት የዕድገት መሰላል ነው ይላል። እሱ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ አልጠየቅሁትም፤ ጫማው ግን ጭቃ ነክቶት አያውቅም።

ባለፈው ታኅሣሥ ገበሬውን አዳራሽ ሰብስቦ ሲያስተምር ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። የሰዉ ጤፍ ገና አውድማ ላይ ነው። ሁሉም በመስኮት ደመናውን ያያል፤ አሠልጣኙ ደግሞ «ይኸው፣ ጭንቀታችሁ ፊታችሁ ላይ ይነበባል» ብሎ ደስ አለው።

«በሉ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ እኔም እጨፍናለሁ። በልባችሁ ‹እችላለሁ› በሉ።»

እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነኝ፤ የሚረጥብ ጤፍ ስለሌለኝ በአንድ ዓይኔ እያጮለቅሁ ተቀመጥሁ። ሰዉ ኮቴው እንዳይሰማ ጫማውን በእጁ እየያዘ አንድ በአንድ ወጣ። እንደዚያ ያለ በራስ መተማመን አይቼ አላውቅም።

አሠልጣኙ ዓይኑን ሲገልጥ ከእኔ ሌላ የቀሩት ሽማግሌው አያ ደምሌ ብቻ ነበሩ፤ እንደጨፈኑ ናቸው። ሰውዬው እንባው መጣ።

«አባቴ፣ እርስዎ ብቻ አመኑኝ?»

አያ ደምሌ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱ።

«የለም ልጄ፤ የእኔ ጤፍ ትናንት ጎተራ ገብቷል።»