የእትዬ ይርገዱ ሁለት ጣቶች

“ደህና ዋላችሁ” ከማለቷ በፊት የለበሳችሁትን የምትዳስስ ሴት የሌለችበት ሰፈር ካለ፣ ያ ሰፈር ገና አልተመሠረተም ማለት ነው። እናንተ ለሰላምታ ጎንበስ ስትሉ እሷ የነጠላችሁን ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ አሸት አሸት ታደርገዋለች። ፊቷ ይኮሳተራል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቻችሁ ብትጠይቅ፣ ስለ ከብቶቻችሁ ብትጠይቅ፣ ልባችሁ ያለው ነጠላችሁ ጫፍ ላይ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ይህ ሥልጣን የእትዬ ይርገዱ ነው። ማን እንደሾማቸው የሚያውቅ የለም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም። የሚሰጡት ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “እህ! ይቺን ማን ፈተላት?” ይግባኝ አይባልበትም።

ሙሽራ አቅፈው ሲስሙ እንኳ ጣታቸው ከጀርባዋ ሥራ ላይ ነው። “ትዳርሽ ይባረክ፣ የልጅ እናት ያድርግሽ… እህ! ይቺን ማን ፈተላት?” የሙሽራዋ አክስት እስከ ዛሬ አታናግራቸውም። ሸማኔው ሙሐሲን የእሳቸውን ድምፅ ከሰማ የሌላውን ሰው ክር በጆንያ ይሸፍናል። “ምን አጥፍቼ ነው ወላሂ! እኔ እኮ የሰጡኝን ነው የምሸምነው” ይላል ገና ሳይጠየቅ። አንድ ጊዜ የጥቃቅንና አነስተኛ ባለሙያው አቶ በላይ ሴቶችን ሊያደራጁ መጥተው ስለ ገበያ ትስስር ሲያብራሩ፣ እትዬ ይርገዱ ከፊት ወንበር ብድግ ብለው የኮታቸውን እጅጌ አሸት አደረጉት። አቶ በላይ ንግግራቸው የት እንደደረሰ ጠፋባቸው። ማኅበሩም ሳይቋቋም ቀረ። አባል ልትሆን የመጣችው ሁሉ “ክርሽ ገመድ ነው” እየተባለች ስለተመለሰች፣ አንድ ለአምስት ሲባል አንዷ ተገኝታ አምስቱ ጠፉ።

ፈይዛ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ አጥር ለአጥር ናቸው። ያን ዓመት ሰው ከሳዑዲ በገፍ ሲመለስ እሷም ከሪያድ ተመልሳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያለቀሰ ሲቀበላት እትዬ ይርገዱ ከሁሉም ቀድመው ተጠመጠሙባት። “ልጄን! ዐይንሽን ላየው!” እያሉ አንገቷን ሳሙ፣ ደረቷን ሳሙ፣ ከዚያ ልቅሷቸው ቆም አለ። የዓባያዋን እጅጌ ይዘዋል።

“እህ! ይቺን ማን ፈተላት?”

“ፋብሪካ ነው እትዬ።”

“ያስታውቃል” አሉና ልቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ፈይዛ ከሪያድ ያመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ ደህና ስልክ ነው። ተመልሳ ላለመሄድ ምላለች። ጅዳና ዱባይ ያሉት የአገሯ ልጆች ለበዓል የሚለብሱት የእጅ ፈትል እንደሚናፍቃቸው ታውቅ ነበርና፣ የእትዬ ይርገዱን ክር በሙሐሲን አሸምና በፌስቡክ ልትሸጥ አሰበች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ እትዬ ይርገዱ ናቸው።

“የማላውቀው ሰው የኔን ፈትል አይለብስም” አሉ።

“እትዬ፣ ከደወሉ በኋላ ያውቋቸዋል እኮ።”

“ጅዳ ያለ ሰው ያየዋል?”

“ያያል።”

“ማንም?”

“ስልክ ያለው ሁሉ።”

እትዬ ይርገዱ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። “እንግዲያው ክፈቺው” አሉ።

ፈይዛ ምን እንዳሰቡ ገብቷታል፤ ለሰፈሩም ቢሆን ስውር አይደለም። ልጃቸው አለኸኝ በባሕር አቋርጦ ነው የሄደው። የመን ደረስኩ ብሎ ደወለ፣ ጅዳ ገባሁ ብሎ ደወለ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ክረምቱ አልፎ፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ሌላ ክረምት መጣ፣ አለኸኝ የለም። ሰው ሲጠይቃቸው “ሥራ በዝቶበት ነው” ይላሉ። ፈይዛ ግን አጥር ላይ ሆና ታያለች፤ እንዲህ ብለው በመለሱ ቀን ክሩ በእጃቸው ላይ ይበጣጠሳል። የእትዬ ይርገዱ ክር መበጠስ ማለት ደግሞ የሌላ ሰው እጅ መሰበር ማለት ነው።

ገጹ ተከፈተ፣ ደንበኛ መደወል ጀመረ፣ ፈይዛም አበሳዋን አየች። ደዋዩን እትዬ ይርገዱ ሳያነጋግሩ ምንም አይሸጥም። አንዷ ከዱባይ ደውላ ጋቢውን ለሶፋ ማልበሻ እንደፈለገችው ብትነግራቸው፣ “ሶፋሽ በርዶት ነው?” ብለው ስልኩን ለፈይዛ መለሱላት። ጋቢው አልተሸጠም። ራሕማ የምትባል የኩታበር ልጅ ደግሞ ለእህቷ ሠርግ ነጠላ ፈልጋ ደወለች። እትዬ ይርገዱ የእህቷን ቁመት ጠየቁ፣ የሙሽራውን ጠባይ ጠየቁ፣ ሁለቱንም መረቁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“የኔ ልጅ፣ እዚያ አለኸኝ የሚባል ረጅም ልጅ አላየሽም? ጥርሱ ፍንጭት ነው።”

“እትዬ፣ እኔ እኮ ያለሁት ቤሩት ነው።”

“ታዲያ ጎረቤት አይደላችሁም?”

ራሕማ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቀረና “እጠይቃለሁ እትዬ፣ አብሽሩ” አለች። ደንበኛው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው። ነጠላ ሊገዛ ደውሎ የሰው ልጅ ፍለጋ ይላካል።

ለገና ገበያ ፈይዛ ጥለቱ ደማቅ የሆነ ነጠላ አዘጋጀችና፣ ፈታይዋ ራሳቸው ለብሰውት ፎቶ እንዲነሱ ለመነቻቸው። እትዬ ይርገዱ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ “ሥራ ፈትቼ ፎቶ አልነሳም” አሉ። ባዘቷቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ እንዝርቷን ጭናቸው ላይ ሾር አደረጓት፣ ዐይናቸውን ክሩ ላይ ተከሉ። እሳቸው ሲፈትሉ ቤቱ ቢቃጠል አያዩም። ፈይዛ በስልኩ ስትመለከት ያ ሁሉ ደማቅ ጥለት ከታች ቀርቶ ፎቶው ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ ነጠላውን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገታቸው አመጣችውና አነሳቻቸው። አምሮ ወጣ። ስታሳያቸውም እትዬ ይርገዱ ፎቶው ላይ ያዩት ክራቸውን ብቻ ነው፤ “ወፍሮ ታየብኝ” ብለው አኮረፉ። ፈይዛ ከፎቶው ጋር ረጅም ማስታወቂያ ጻፈች፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ጽሑፉ ቀረና ፎቶው ብቻ አለፈ። ከዚያ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ጠፋ፣ እሷም ገብታ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ የእትዬ ይርገዱ ግቢ በሰው ድምፅ ተሞላ። ፈይዛ ሻርፗን ጣል አድርጋ ስትወጣ የእድሩን ዳኛ አቶ ፈንታሁንን ከፊት፣ ጎረቤቱን ከኋላ አየች። የሁሉም ነጠላ ተገልብጧል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። ሰው ተሰብስቦ በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳው ለመርዶ ነው።

እትዬ ይርገዱ በሩን ከፍተው ቆመዋል። የማንንም ልብስ አልዳሰሱም።

“ልጄን ምን አገኘብኝ?” አሉ።

አቶ ፈንታሁን ግራ ገባቸው። “አይዞሽ ይርገዱ። እንደዚህ ያለ ነገር ለብቻሽ ይዘሽ ማደርሽ ግን አስቀይሞናል። እድር ለምንድን ነው?”

“ምኑን ነው የያዝኩት? ንገሩኝ እንጂ! አለኸኝ ነው?”

“አንቺ ንገሪን እንጂ፤ እኛማ ከጅዳ ሰምተን ነው የመጣን። እህቴ ደውላ ‘ይርገዱ ጥለቷን ገልብጣ ተቀምጣለች፣ የልጇን ሰምታለች መሰለኝ’ አለችኝ። ፎቶሽን አይታ።”

ፈይዛ ያን ጊዜ ገባት። አጥሩን በየት እንደዘለለችው አታውቅም። “ወላሂ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገለበጥኩት! ጥለቱ ይታይ ብዬ ነው፣ ታች ሲሆን ፎቶው ውስጥ አይገባም! ማንም አልሞተም!” በልጅነቷ ወጥታ ስንት ዘመኗን ዓባያ ለብሳ የኖረች ልጅ፣ የሐዘን ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ ረስታው ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

እትዬ ይርገዱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። “ከጅዳ የመጣ ወሬ የለም? ልጄን የሚል?”

“ምንም የለም እትዬ።”

“እንግዲያው አልሞተም” አሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ያቃጠላቸው የወሬው መጥፋት ያን ጠዋት ደስታ ሆነላቸው። ብዙ ከተነፈሱ በኋላ ተነሡና የአቶ ፈንታሁንን ነጠላ ጫፍ ያዙ።

“እህ! ይቺን ማን ፈተላት? ለኔ ልጅ ለቅሶ ይህን ለብሰህ መጣህ?”

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ፈንታሁን ራሳቸው የእድሩን ድንኳን የተሸከሙትን ሰዎች “መልሱት” እያሉ ሳቁ።

ገና ሳቁ ሳያበቃ የፈይዛ ስልክ ጮኸ። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ በኢሞ ነው የሚደወለው፣ ቁጥሩን አታውቀውም። ስትከፍተው አንድ የከሳ ፊት ታየ፤ ዐይኑ አብጧል፣ ጥርሱ ፍንጭት ነው።

“ፎቶውን አሁን አየሁት… ማን ነው የሞተው? ከዘመድ ነው? ንገሪኝ፣ እማዬ ደህና ናት?”

ፈይዛ ስልኩን ወደ እናቱ አዞረችው። አለኸኝ እናቱን ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። “ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል? ሥራ አጣሁ፣ አፈርኩ እማዬ፣ ይቅር በይኝ…” እያለ ይቀባጥራል። እትዬ ይርገዱ አንዱንም አልሰሙትም። ሁለት ጣታቸውን አንሥተው ስልኩ ላይ፣ አንገቱ ሥር ያለውን የሸሚዙን ኮሌታ አሸት አሸት አደረጉት። ኮሌታው አልተያዘላቸውም፤ ጣታቸው ወረድ አለና ቀዩን የመዝጊያ ምልክት ነካ። አለኸኝ ጠፋ።

“ዘጋሽበት!” አሉ አቶ ፈንታሁን።

ፈይዛ መልሳ ብትደውል አልገባ አላት። እትዬ ይርገዱ የከተማውን ክር ሁሉ ሲዳኙ የኖሩ ሁለት ጣቶቻቸውን እንደ ሌባ አዩዋቸው። ፈይዛ ያን ጊዜ፣ ሴትዮዋ እድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ የሚያሹት፣ ይህ ሰው የሚያስብለት፣ የሚፈትልለት አለው ወይ ብለው እንደሆነ ገባት።

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። እትዬ ይርገዱ ሁለቱንም እጃቸውን ቶሎ ብለው ነጠላቸው ሥር ደበቁና አንገታቸውን ብቻ ሰገግ አደረጉ።

“እህ! ይቺን ሸሚዝ ማን ፈተላት?”

“ፋብሪካ ነው እማዬ” አለ አለኸኝ።

“ያስታውቃል” ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባ ቀደማቸው።