ክብርት እንግዳ ይቀመጡ

ቁጭ በይ ሲባሉ ቁጭ የሚሉ ሴቶች እንዳሉ እሰማለሁ፤ አላየሁም እንጂ። እኔ የማውቃቸው ሊጠይቁ መጥተው ዕቃ አጥበው የሚሄዱትን ነው። አራስ ለማየት ይገቡና መጋረጃ አውርደው ዘፍዝፈው ይወጣሉ። በሽተኛ ሊጠይቁ ሆስፒታል ይሄዱና የእሱን አልጋ አንጥፈው ሲጨርሱ፣ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኛውን የማያውቁትን ሰው "እስኪ አንዴ ብድግ በል የኔ ልጅ" ይሉታል። ባለቤቱ ክንዳቸውን ይዞ "ኧረ በእናትዎ ይቀመጡ" ብሎ ሲለምን መልሳቸው አንድ ነው፦ "እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?"

ይህን ጥያቄ የመለሰ ሰው እስካሁን የለም። ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸው ውኃ ውስጥ ገብቷል።

የእነዚህ ሴቶች ሁሉ አለቃ ከሆኑት ጋር አንድ ሳምንት በአንድ ክፍል አድሬያለሁ። ታላቅ እህቴ "ምናልባት ሰው ፊት መናገር ትለምጂ ይሆናል" ብላ ሐይቅ ዳር ወዳለ ቤት ላከችኝ። በቤቱ ውስጥ ጠዋት ዮጋ ነው፣ ረፋድ ላይ ሥዕል፣ ከሰዓት ደግሞ የዕለት ማስታወሻ ጽፎ፣ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ማንበብ። ቤቱን የተከራየችው የዮጋ አስተማሪ የባንክ ሥራዋን የለቀቀችው ገና በቅርቡ ነው፤ እንዲህ ያለ ሳምንት ስታዘጋጅም የመጀመሪያዋ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ የሆኑት እናቷ ናቸው። ከሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊነት ጡረታ የወጡ፣ አጠር ያሉ፣ ሹራብም ይሁን ሸሚዝ ይልበሱ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው የተሰበሰበ ሴት።

የመጀመሪያው ምሽት እራት ላይ ልጃቸው እኔ፣ አንድ መሐንዲስና ሌሎቹ ተሳታፊዎች ባለንበት ተነሥታ ተናገረች።

"እናቴ በሕይወቷ አርፋ አታውቅም። የጋበዝኳት እንድታርፍ ነው። ስትሠራ ያያት ሰው ይንገረኝ።" ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። "እማዬ፣ እዚህ ምንድን ነሽ?"

"እንግዳ ነኝ" አሉ፣ የሰበሰቡትን የሾርባ ሳህን ቀስ ብለው መልሰው እያስቀመጡ።

"ክብርት እንግዳ ነሽ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

በማግስቱ የሆነውን ልንገራችሁ። የዮጋው ማሳረጊያ በጀርባ ተጋድሞ፣ ዐይንን ጨፍኖ፣ ምንም አለማድረግ ነው። ክብርት እንግዳ "ሰው በጠራራ ፀሐይ የሚጋደመው ሲታመም ነው" የሚል አቋም ነበራቸው፤ ሆኖም ቃል ገብተዋልና ተጋደሙ። ልጃቸው በለሰለሰ ድምፅ "ትንፋሻችሁን ብቻ ስሙ" አለችን። እኛ የሰማነው ግን ሌላ ነው። ፈግ፣ ፈግ፣ ፈግ። አንድ ዐይኔን ከፈት አደረግሁ። ክብርት እንግዳ በጀርባቸው እንደተጋደሙ፣ ሁለቱንም ዐይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ካልሲያቸውን አውልቀው እጃቸው የሚደርስበትን ወለል ይወለውላሉ።

"እማዬ።"

"ተጋድሜያለሁ እኮ።"

"እጅሽስ?"

"እሱ እጄ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ።"

ልጃቸው ወደ ኮሪደር ይዛቸው ወጣች። ግድግዳው ስስ ስለነበር ሁላችንም ትንፋሻችንን መስማት ትተን እሷን ሰማን። "አንቺ እየጠረግሽ ማን ዐይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል? ሁሉም የገዛ እናቱ እየሠራች እሱ የተጋደመ ይመስለዋል። ትናንት መሐንዲሱ መጥረጊያ ሲፈልግ አገኘሁት። እማዬ፣ ይሄ ቤት የማረፊያ ቤት እንዲሆን ነው የምለፋው፤ አታፍርሺብኝ።"

"እሺ" አሉ ክብርት እንግዳ። ተመልሰው ሲገቡ መንገዳቸው ላይ የነበረውን ጫማ በእግራቸው ጫፍ አስተካከሉ፤ እጃቸውን ግን ኪሳቸው ውስጥ ነበር ያደረጉት።

ከሰዓት በኋላ "ዛሬ ምን ተሰማን?" በሚል ርዕስ ጻፍን። ሌሎቹ ስለ ማዕበል፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ተለዩዋቸው ሰዎች አነበቡ። እኔ ግጥም የተማርኩ ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስ "አልጨረስኩም" አልኩ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ የምለው ይህንኑ ሆነ። ክብርት እንግዳ ግን መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጥርት ባለ ድምፅ አነበቡ፦ "የሁለተኛው መስኮት መጋረጃ ታጥቦ አያውቅም። አዘንኩ።"

መሐንዲሱ አጨበጨበ። ልጃቸው አላጨበጨበችም።

እኔ ስጽፍ የማልወደውን ገጽ ጨምድጄ አልጋ ሥር እወረውራለሁ። አንድ ቀን ከዋና ስመለስ ወረቀቶቼ ትራሴ ላይ በሥርዓት ተደርድረው፣ ልጥ ብለው ጠበቁኝ። ስነካቸው ይሞቃሉ።

"ተጨማደው አገኘኋቸው፤ በካውያ አለፍ አለፍ አደረግሁባቸው" አሉኝ። "አላነበብኩም። እንግዳ ነኝ።"

"እትዬ፣ የተጣሉ እኮ ናቸው።"

"እና? የተጣለ ነገር ይጨማደድ?"

ለልጃቸው አልተናገርኩባቸውም። ሌሎቹም ያዩትን አይተው ዝም ይሉ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር የተተወው የሁሉም ሰው ፎጣ በአንድ ዓይነት እጥፋት ታጥፎ ወንበር ላይ ይገኝ ስለነበር፣ ነገሩ ምስጢር አልነበረም። ክብርት እንግዳ ቀን ቀን በቃላቸው ይጸናሉ፤ ሰው ሲተኛ ያፈርሱታል።

ያፈረሱት ቃል ሁሉ አንድ ላይ የተቆጠረባቸው ግን በሠዓሊው ጠረጴዛ ምክንያት ነው።

ረፋድ ላይ ሥዕል የሚያስተምረን ሠዓሊ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ ብሩሹን የሚፈልግ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛ ሲያዘጋጅ አመሸ። የተጨማደደ የጠረጴዛ ልብስ አለበሰው። ግማሽ ሻይ የቀረባቸውን ብርጭቆዎች እዚህና እዚያ አኖረ። ግማሹ የተላጠ ብርቱካን፣ የተቆረሰ ዳቦ፣ ፍርፋሪ። ራቅ ብሎ ያያል፣ ተመልሶ አንድ ፍርፋሪ ያንቀሳቅሳል። "ነገ የምንሥለው ሰው በልቶ ከሄደ በኋላ የሚቀረውን ዝምታ ነው" አለን። ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀ። ክብርት እንግዳ በዚያ ሰዓት ልጃቸው አስገድዳቸው የፀሐይ መጥለቅን ያዩ ነበር።

ጠዋት ስንገባ ጠረጴዛው ያበራል። የጠረጴዛው ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አራት ቦታ ታጥፏል። ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። ዝምታው እንዳለ ነበር፤ ፍርፋሪው ግን የለም።

"ብርቱካኑስ?" አለ ሠዓሊው በቀጭን ድምፅ።

"ሰው በልቶ የተወው ነበር፤ ለዶሮዎቹ ሰጠሁት" አሉ ክብርት እንግዳ። "እንዲያው ይሄን ቤት የሚያየው ሰው የለም ወይ ብዬ ሌሊቱን ስገረም አደርኩ።" የፊታችንን ሁኔታ ሲያዩ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። "ምነው? ምን አጠፋሁ?"

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

"እማዬ፣ ከሰዓት ወደ ከተማ የሚሄድ መኪና አለ። ሻንጣሽን አዘጋጂ።"

ሻንጣቸው ሁልጊዜም ዝግጁ ነበር፤ የእኔንም ጭምር አዘጋጅተውት ነበር። ክብርት እንግዳ ግን አልተንቀሳቀሱም። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉት፤ እጃቸው ደረቅ ነው። "የምሄደው የቆሸሸ ብርጭቆ አጥቤ ነው?" አሉ ለማንም ሳይሆን።

ያዳናቸው ሠዓሊው ነው፤ ወይም የተበቀላቸው። ባዶውን ጠረጴዛ አየ፣ እሳቸውን አየ፣ አንድ ወንበር ወስዶ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠ።

"የሚሣል ነገር የለኝም። እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ።"

"ተቀምጬ ምን ልሥራ?"

"ምንም።"

"ምንም ሲባል?"

"ምንም ነዋ።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጃቸው በደጅ በኩል ሐይቁን እያየች ቆየችና "ተሥለሽ እስክታልቂ ካልተነሣሽ ትቆያለሽ" አለች። "ከተነሣሽ መኪናው አለ።" ራሷም ወረቀት ወሰደችና ከሁላችንም ኋላ ተቀመጠች።

እንዲህ ያለ ተጋድሎ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ እጃቸው ቀሚሳቸው ላይ ክር አገኘና ለቀመ። ክሩ ሲያልቅ የወንበሩን ክንድ በአውራ ጣታቸው አጸዱ። ሠዓሊው "እጅዎን ጭንዎ ላይ" ሲላቸው፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተቀምጦ የማይታይ ነገር ማጠፍ ጀመረ። የሣልኳቸው ጣቶች በየጊዜው ቦታቸውን ስለሚለውጡ እኔ ዘንድ በርከት ብለው ወጡ።

ከዚያ የመሐንዲሱ ብሩሽ አንጠባጠበ። አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ከክብርት እንግዳ እግር ፊት ለፊት፣ ራሳቸው በካልሲያቸው የወለወሉት ወለል ላይ ዐረፈች።

ሁላችንም መሣል አቆምን። መሐንዲሱ ሊያብስ ሲነሣ ልጃቸው "ተወው" አለችው። ክብርት እንግዳ ጠብታዋን አዩ። ጠብታዋ ዳር ዳሯ መድረቅ ጀመረች፤ ቀለም ከደረቀ እንደማይለቅ እሳቸውን የሚያክል የሚያውቅ የለም። ትከሻቸው ወደፊት መጣ። ተረከዛቸው ከወለሉ ተነሣ። እኔ እርሳሴን ጨብጬ "እባክዎ" አልኩ በሆዴ። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱና ተቀመጡባቸው።

"እንግዳ ነኝ" አሉ በሹክሹክታ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው። "እንግዳ ነኝ። እንግዳ ነኝ።"

ያን ጊዜ ትንፋሻቸውን ሰማሁት፤ ረዥም ነበር።

ሥዕሎቹ ሲያልቁ ወለሉ ላይ ተደረደሩ። መሐንዲሱ ወንበሩን ሥሏል፤ ጥሩ ወንበር ነው። የእኔው ብዙ ጣቶች አሉት። ልጃቸው ወረቀቷን ሳታሳይ ቆየች።

"ጀርባዋን ቢሆን ሳላያት እሥለው ነበር" አለች ለሠዓሊው። "ልጅ ሆኜ ሳወራት ሁሌም ዞራ ዕቃ እያጠበች ነው። ፊቷን ግን እያየሁ ነው የሣልኩት።"

ክብርት እንግዳ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"እንዲህ ደክሞኛል እንዴ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምነው አትነግሪኝም?"

"ቁጭ ብትዪ እነግርሽ ነበር።"

መኪናው ያለ እሳቸው ሄደ። ከሰዓት ክብርት እንግዳ ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምንም ሳይታመሙ ተኙ። ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ በሥዕሉ ወረቀት ዝንብ ትከላከልላቸዋለች። የማስታወሻው ንባብ የዚያን ዕለት ተረሳ። በኋላ ልጃቸው ሰማያዊዋን ጠብታ ልታጸዳ ተንበረከከች፤ ጠብታዋ ግን በደንብ አልለቀቀችም።

የመጨረሻው ቀን ምሳ ላይ ክብርት እንግዳ በልተው ጨርሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ሳህናቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ። አየነው፤ ደስ አላለንም። አንድ የቤት ዕቃ ከቦታው የተነሣ ይመስል ነበር። ልጃቸውም ሳትታገሥ ቀረች መሰለኝ፣ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ነይ አብረን እንጠብ።"

"እንግዳ አይደለሁ?"

"ከመቼ ወዲህ?"

ማዕድ ቤቱ ጠባብ ነው። በበሩ አጮልቄ ስመለከት ልጅ ታጥባለች፣ እናት ተቀብለው ያለቀልቃሉ፤ ልጅ ዞር ስትል ያጠበችውን መልሰው ያጥባሉ። ሁለቱም ያወራሉ፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ ጎን ለጎን። ልመለስ አሰብኩ። ከዚያ ገብቼ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ማድረቂያ ፎጣ ያዝኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ቁጭ በይ" አሉ ክብርት እንግዳ። "እንግዳ ነሽ።"

ሳምንቱን ሙሉ "አልጨረስኩም" ከማለት በቀር ሰው ፊት አፌን አልከፈትኩም ነበር። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መሐንዲሱ መመገቢያ ክፍል ተቀምጦ ሰምቶኛል።

"እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?"

ፎጣውን ለቀቁልኝ። ያደረቅሁትን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት፣ አገላብጠው አዩት፣ ምንም ሳይሉ መልሰው ውኃ ውስጥ ከተቱት።